ይቺን ዙር ልጨርስ

አንድ ጊዜ፣ ውቂያው አልቆ አህዮች ከጭነት በሚያርፉበት፣ ወንዙም ጠርቶ የሥሩ ጠጠር ወለል ብሎ በሚታይበት በጋ፣ አራዊቱ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ትልቅ ሾላ ሥር እየተሰበሰቡ ስፌት ይሰፉ ነበር። አክርማውንና ስንደዶውን ከረግረጉ ዳር አጭደው ያመጣሉ። ጃርት ከጀርባዋ የሚረግፈውን እሾህ ለወስፌ ትሰጣቸዋለች። ወስፌውን በጥርሳቸው ይዘው ይወጋሉ፤ ሣሩን በእግራቸው ይስባሉ። ሥራው ለገበያ አይደለም፤ ለግብርም አይደለም። ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነው የሚሰፉት።

አያ አንበሶ ራሱ ይሰፋ ነበር። የማር ገንቦውን ክዳን ከጀመረው ብዙ በጋ አልፎታል። ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ አራዊቱ ግን «እንዲህ ቀጥ ያለ ክዳን አይተን አናውቅም» ይሉታል። እኔም በቦታው ብኖር ይህንኑ እል ነበር።

አንበሳና ሚዳቋ፣ ነብርና ጥንቸል በአንድ ጥላ ሥር እንዴት ይቀመጣሉ ብትሉ፣ አያ አንበሶ ያወጣው ሕግ ነበር። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ «ወስፌ በአፉ ያልያዘ ከዚህ ጥላ ሥር አይቀመጥም፤ ወስፌ የያዘ አፍ መናከስ አይችልምና። የጀመረውን ስፌት ያልጨረሰ ደግሞ ከጥላው ሥርም ሆነ መንገድ ላይ ማንም አይንካው። ጨርሶ ወስፌውን ከሾላው ግንድ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ያስቀመጠ ግን ሕጉ አይመለከተውም፤ እግሩ ያውጣው።»

በዚያ በጋ ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው እመት አህያ ነበረች። ጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች፤ እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ትቆማለች። ከዚያ የወደቀውን የሾላ ፍሬ ለቃቅማ በልታ፣ ለጨው ማስቀመጫ ብላ የጀመረቻትን ትንሽ ሙዳይ ትሰፋለች። ጀርባዋ ላይ ምንም ሳይጫን መዋሉ እየገረማት በየመሃሉ «ተመስገን» ትላለች።

ይህን ሁሉ አያ ጅቦ ከሩቅ ያይ ነበር። ሙዳዩን ግን ልብ አላለውም። እሱ ያየው ዳሌዋን ነው፤ ጭነት ከወረደላት ወዲህ ሞልቶ፣ ወዝቶ ነበር።

አያ ጅቦ ነገሩን ይዞ ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮን ከሾላው ጥላ ውጪ፣ ኩይሳ ላይ ተጋድሞ አገኘው። ቀበሮ ወስፌ መያዝ አይወድም። ሥራ የሚባል ነገር ደስ የሚለው ሌላው ሲሠራው ነው።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ያቺን አህያ ልበላት ነው» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«ብላታ! ከዚያ አንተን አንበሶ ይበላሃል።»

«እንዴ! ለምን?»

«ወስፌ ይዛለቻ! ስፌቷም አላለቀም። ሕጉን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፤ አልገባኝም እንጂ።»

ቀበሮ አስረዳው። አልገባውም። ደግሞ አስረዳው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ከሕጉ የሚያስፈልገውን ብቻ ነገረው።

«ስማ! ስፌቷ ሲያልቅ ሕጉም ያልቃል። ወስፌዋን ድንጋዩ ላይ በምታስቀምጥበት ሰዓት አንተ አጠገቧ ሁን። ግን ዝናቡ ሳይመጣ መሆን አለበት። ክረምት ከገባ ከጌታዋ በረት አትወጣም።»

«ሳትጨርስ ዝናብ ቢመጣስ?»

«ቶሎ እንድትጨርስ እርዳታ! ሣር አምጣላት፤ ቀለም አምጣላት። ሥራ እንዳትፈታ አድርጋት። ታዲያ እንዳትረሳ፣ ሆድ ዕቃዋ የኔ ነው።»

«እሺ፣ ሆድ ዕቃዋ ያንተ» አለ ጅቦ። ማካፈል የሚባል ነገር ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በማግሥቱ አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን እያጨናበሰ ወደ ሾላው መጣ። ቀን ቀን በጉድጓዱ ተኝቶ የሚውል ስለሆነ ብርሃን አለመደም። አያ አንበሶ ቀና ብሎ አየውና «ወስፌ ያዝ፤ ካልሆነ ተመለስ» አለው። ጅቦም ከጃርት ክምር አንዱን እሾህ መርጦ ነከሰ።

በዚያ ጥላ ሥር የራሱን ስፌት ራሱ የሚጀምር የለም። ከስፌት ሁሉ አስቸጋሪው የመጀመሪያዋ ጥምዝ፣ እምብርቷ ናት። እሷን ለሁሉም የምትጀምረው እጀ ቀጭኗ እመት ጦጣ ነበረች። ለጅቦም የሙዳይ እምብርት ጀምራ፣ ቀለም የገባ አንድ ጭብጥ ሣር ከፊቱ አኖረችለት።

ጅቦ ሣሩን አሸተተው። ከዚያ ፈዝዞ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አለላ ነዋ» አለች ጦጣ።

«እሱን አይደለም። ይሄ ላዩ ላይ ያለው።»

«ቀለሙን ነው? ቀይ ይባላል።»

«ቀይ!» አለ ጅቦ። «ደም ቀይ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። በሌሊት ግን ጥቁር ነው የሚመስለው።»

አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ፈቀቅ ያላለችው እመት አህያ ብቻ ናት። እሷ ዞር ብላ ደህና አድርጋ አየችውና ስፌቷን ቀጠለች።

ጅቦ የቀበሮን ምክር አልረሳም። ወደ ረግረጉ ወርዶ አንድ ትልቅ እስር አክርማ ተሸክሞ መጣና ከአህያ እግር ሥር ዘረገፈው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ» አለች አህያ። «ይህን ሁሉ ደክመህልኝ!»

ጅቦ ማንን እንደምታነጋግር ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። ደግሞ ወደ እሷ ዞረ። በሕይወቱ ሰው ሲጠራው የሰማው «ኧረ ጅብ!» ተብሎ ነው፤ ከጥሪው ቀጥሎም የሚመጣው ድንጋይ ነበር። አሁን ግን ድንጋይ አልመጣም። ደረቱ አካባቢ አንድ ነገር ሞቅ አለው። ራበኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጅቦ ሥራ በዛበት። ጠዋት ሣር ያጭዳል። ከወንዙ ማዶ ከገደሉ ሥር ቀይ ቀለም የሚያወጣውን ሥር ይቆፍራል። ከሰዓት በኋላ ወስፌውን ነክሶ የራሱን ሙዳይ ይሰፋል። መጀመሪያ የሰፋው ሁሉ እየተተረተረ አስቸገረው። አህያ ግን «ሣሩን ሳታጠብቀው ነው፤ ዙሩን ሳትጨርስ ወስፌህን ከጣልከው ይፈታብሃል» ብላ አሳየችው። ጅቦ ሰማት። ዙሩ ሲጠብቅለት፣ ቀዩ በነጩ ላይ ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ ሌላ ዙር ያምረዋል። ያንን ሲጨርስ ደግሞ ሌላ። ስስት እንደሆነ ልማዱ ነው፤ አሁን ወደ ስፌት ዞረበት።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አህያን ተከትሎ ወንዝ ይገባ ጀመር። ውኃው እግሩን ሲያቀዘቅዘው «ይህን ነገር ስንት ዘመን ሰወራችሁብኝ?» አለ።

«ቀን ትተኛ ነበር እንጂ ማን ሰወረብህ» አለችው እየሳቀች። «ና፣ ሾላ ቅመስ።»

«ሥጋ አለው?»

«የለውም።»

«አጥንትስ?»

«እሱም የለውም። ብቻ ቅመሰው።»

ቀመሰው። ለረጅም ጊዜ አኘከውና «አልጠላሁትም» አለ። ከጅብ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ምሽት ላይ ነፋሱ ሲነሣ፣ ሣሩን ከፊታቸው ዘርግተው አህያ «ቀጥሎ ምን ቀለም ላድርግበት?» ትለዋለች። የሱን ሐሳብ ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ብዙ አስቦ፣ ግንባሩን አኮማትሮ «ቀይ» ይላታል። ትናንትም ያለው ቀይ ነው። እሷም አመስግናው ቀይ ታደርግበታለች።

አንድ የገበያ ቀን አህያ ከጌታዋ ጋር ከተማ ወርዳ ሳትመጣ ዋለች። ጅቦ ወስፌውን እንደነከሰ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። በማግሥቱ ስትመጣ «የት ቀረሽ? ሳትመጪ ስትቀሪ ቀኑ አይመሽም» አላት። ከዚያ የገዛ አፉ ያወጣው ነገር አስደነገጠውና ቶሎ ብሎ ሣር ሊያጭድ ሄደ።

በዚህ መሃል በኩይሳው ላይ ያለው ቀበሮ እየከሳ ነበር። ሆድ ዕቃ አገኛለሁ ብሎ አይጥ ማደን ትቷል። ቀን በቀን ወደ ሾላው ያያል፤ የአህያ ስፌት እንደማለቅ እየሰፋ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ጅቦን ጠራው።

«ምን እየሆነ ነው? ሙዳይ አልነበረም እንዴ የጀመረችው? አሁን እንቅብ አከለ!»

«እኔ ምን ላድርግ? ሣር ባመጣሁላት ቁጥር ታሰፋዋለች። ‹አንተ ይህን ያህል ደክመህ እኔ በትንሹ ብዘጋው ነውር ነው› ትለኛለች።»

«አንተ ጅል! እንግዲያው ሣር አታምጣላት!»

ጅቦ አንገቱን ደፋ። ጥፍሩን አፈሩ ላይ አሸት አሸት አደረገ።

«ካላመጣሁላት ግን አታመሰግነኝም» አለ ቀስ ብሎ።

«ምስጋና ይበላል እንዴ?» አለው ቀበሮ።

«አይበላም» አለ ጅቦ። «ግን አልጠላሁትም።»

«ስማኝ፣ ደመናው እየተሰበሰበ ነው። ካልጨረሰች አንተም አጣህ፣ እኔም አጣሁ። ያንን ዳሌ አስበው! አስበኸዋል?»

ጅቦ አሰበው። ምራቁ ሞላ። የጅብ ሆድ የጅብ ሆድ ነውና «እሺ፣ በጨረሰችበት ሰዓት እበላታለሁ» ብሎ ማለ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። በተራራው ጫፍ ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጥቷል። አራዊቱ ስፌታቸውን አጠናቀው እየተሰነባበቱ ነው። አያ አንበሶ ክዳኑን ዘንድሮም ሳይጨርስ አስቀምጦታል። እመት አህያ ጠዋት ገበያ ሄዳ ስለነበር ዘግይታ መጣች። እንቅቧ በጀርባዋ ነበር፤ አፉ በትልልቅ ቅጠል ተከድኗል። ከጅቦ አጠገብ አውርዳ፣ የቀረውን ከንፈሩን መዝጋት ጀመረች።

ጅቦም የራሱ ሙዳይ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። የሚሰፋው የመጨረሻውን ቀይ ዙር ነው። ያን ቀን ግን ልቡ ተረብሾ ነበር። አፍንጫውን ያለማቋረጥ የአጥንት ሽታ ይሸተዋል። አህያን የምበላበት ሰዓት ስለደረሰ ነው ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ሲያስብ ደግሞ ምራቁም መጣ፣ ሆዱም ባባ። ሁለቱ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣበት አያውቅም ነበርና ግራ ገባው።

አህያ የመጨረሻዋን ሣር ሳበች፤ ጫፏን ወደ ውስጥ ሸጎጠች። ከዚያ ወስፌዋን ድንጋዩ ላይ አኖረች።

አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገና «እመት አህያ፣ ስፌትሽ አልቋል። ከእንግዲህ ሕጉ አይመለከትሽም» አለ። ሕግ ነውና ማለት ነበረበት፤ ሲለው ግን ፊቷን ማየት አልቻለም። እመት ጦጣ ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ቀበሮ ከኩይሳው ላይ ተነሥቶ «አሁን! ጅቦ፣ አሁን! ወስፌውን ጣለው!» እያለ ጮኸ።

ጅቦ ማድረግ የነበረበት አፉን መክፈት ብቻ ነው። አህያ በአንድ ዝላይ ርቀት ቆማለች። አትሮጥም። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እሱኑ ታየዋለች።

ጅቦ እሷን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሙዳዩ መለሰ። ከቀዩ ዙር የቀረው የአንድ ጥፍር ያህል ነው። አሁን ወስፌውን ቢጥለው ይተረተራል፤ ይህን ያስተማረችው እሷ ናት። በጋውን ሙሉ የለፋበት ቀይ ሁሉ ዓይኑ እያየ ሊፈታ ነው።

«ቆይ» አለ በጥርሱ መሃል። «ቆይ፣ ይቺን ዙር ልጨርስ።»

«ምን?!» አለ ቀበሮ።

«ይቺን ዙር ብቻ!»

አጎንብሶም መስፋቱን ቀጠለ። ወጋ፣ ሳበ፣ አጠበቀ። ቀበሮ ይጮሃል፤ እሱ ይሰፋል። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ያየችው ቅርንጫፍ ላይ ያለችው ጦጣ ብቻ ናት። ጨርሶ ጫፏን ከሸጎጠ በኋላ፣ አህያ እስካሁን አምልጣለች ብሎ ቀና አለ። አላመለጠችም። ትልቁን እንቅብ በአፍንጫዋ እየገፋች ከፊቱ አደረሰችው።

«እንካ» አለችው። «የሰፋሁት ላንተ ነው።»

ቅጠሉን ገለጠው። እንቅቡ እስከ አፉ አጥንት ሞልቷል፤ ከሉካንዳ ጓሮ የተጣለ፣ መቅኑ ያልወጣ፣ ገና ሥጋ የተረፈበት አጥንት። ሲሸተው የዋለው ለካ ይሄ ነበር።

«ለኔ?» አለ ጅቦ። ወስፌው ከአፉ ወደቀ። «ለኔ ነው? እኔ እኮ... እመት አህያ፣ እኔ እኮ ሣሩን ያመጣሁልሽ...»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ያሰብከውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፣ አያ ጅቦ። ያመጣኸው ሣር ሁሉ በምራቅህ የራሰ ነበር። ያሰብከውን ላንተ ተውኩት። ያመጣህልኝን ግን ሰፋሁት።»

ጅቦ የእንቅቡን ቀይ ዙር በአፍንጫው ነካ አደረገው።

«ጀርባዬ ካረፈበት በጋ ሁሉ ደስ ያለኝ ዘንድሮ ነው» አለች አህያ። «ሣሬን ያጨደልኝ፣ ቀለሜን የቆፈረልኝ፣ ወንዝ ውስጥ አብሮኝ የቆመ አንተ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ። በል ዝናቡ ሳይደርስብህ ግባ።»

ወደ በረቷ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። አልሮጠችም፤ ወደ ኋላም አልዞረችም። ጅቦ ጅራቷ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ደረቱ እንደገና ሞቅ አለው። አሁን ግን ራበኝ ብሎ አላሰበም።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ፣ ቀበሮ ጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ከኩይሳው ወርዶ መጣ። አጥንቱን አየና ድምፁን አለስልሶ «ወንድሜ ጅቦ» አለ፣ «አንዲት ብቻ።»

ጅቦ እንቅቡን በሁለት እግሩ አቀፈ። ጅብ ነዋ! ብዙ አሰበ፣ ብዙ ተጨነቀ፤ ከክምሩ ትንሿን አጥንት መርጦ ሰጠው። ከዚያ ፊት ፊቱን ያየው ጀመር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ቀበሮ አጥንቱን እንደነከሰ።

«እንደሷ በለኝ።»

ቀበሮ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ያን ቃል ለማንም ብሎት አያውቅም። በመጨረሻ እንደምንም «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ዝናቡ ይጮሃል፤ አልሰማሁም» አለ ጅቦ። «ድገመው።»

ቀበሮ ደገመው። ጅቦም ጆሮውን አቁሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ የቀረውንም አጥንት እዚያው ቆርጥሞ ጨረሰና እንቅቡን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ዝናብ ሳይነካው ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

ጅብ ከዚያ ወዲህ ጾመኛ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ሆዳምነቱም ጅልነቱም እንዳለ ነው። ያቺን አህያ ግን ነክቷት አያውቅም። በነጋታው የጠዋት ጭጋግ ሳይገፈፍ፣ ከበረቷ ደጃፍ አንድ ነገር ተቀምጦ አገኘች፤ ትንሽ፣ ጠመም ያለ፣ ቀይ ሙዳይ፣ ልክ ለጨው ማስቀመጫ የሚሆን። በቀጣዩም በጋ አህያ ከሾላው ሥር ስትደርስ አያ ጅቦ ቀድሟት ተቀምጦ ነበር፤ ወስፌውን ነክሶ፣ አንድ እስር አክርማ ከጎኑ አኑሮ፣ ዓይኑን እያጨናበሰ መንገድ መንገዱን ያያል።

ከዚህ የምንማረው፣ በክፉ ሐሳብ የመጣልንን በጎ ነገር እንኳ ከልብ አመስግነን ብንቀበለው፣ ምስጋናው ያመጣውን ራሱን ሊለውጠው እንደሚችል ነው።